ዲሽ ከመግዛቴ በፊት ሰማዩን ማየት ነበረብኝ

ባለፈው ዓመት ከኪራይ ቤት ወጥተን ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ በገባንበት ሳምንት እንዲሠራላት። በሕይወቴ ዲሽ ገዝቼ ስለማላውቅ ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ወርጄ ያገኘሁት ሱቅ ውስጥ ገባሁና «ሙሉ ዕቃ ስጠኝ» አልኩ። ሻጩ ሪሲቨር፣ 60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ፣ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ተገጥሞ ምልክቱን የሚቀበለው ዕቃ) እና ሁለት ጥቅል ኬብል ከፊቴ ደረደረልኝ፤ እኔም ሳልከራከር ከፍዬ ወጣሁ። ከእነዚያ ዕቃዎች መካከል ዛሬም በቤታችን የሚሠራው ኤልኤንቢው ብቻ ነው።

ስህተቴ ዕቃውን ማየቴና ሰማዩን አለማየቴ ነበር። ሻጩ «የትኛውን ሳተላይት ነው የምትፈልገው?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም የምመልሰው አልነበረኝም። በነፃ የሚሰራጭ ቴሌቪዥን ማለት ጣቢያው ሥርጭቱን ሳይቆልፍ ስለሚለቀው፣ ዕቃውን አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ወርኃዊ ክፍያ ሳይከፍል የሚያየው ማለት መሆኑን አውቅ ነበር። ያላወቅኩት እነዚህ ጣቢያዎች በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ አለመሆናቸውን ነው። ስለዚህ ጀማሪ መጀመሪያ ሊያዘጋጅ የሚገባው ገንዘቡን ሳይሆን ቤተሰቡ የሚያያቸውን ጣቢያዎች ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ሳተላይቱን ይወስናል፣ ሳተላይቱም የዲሹን አቅጣጫና መጠን፣ ከዚያም የሪሲቨሩን ዓይነት።

ለእኛ ቤት ነገሩ በሁለት የተከፈለ ሆኖ ተገኘ። እናቴ የምትከታተላቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በ2012 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው በኢትዮሳት ላይ ናቸው፤ እርሱም የሚሠራጨው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ከተባለው ሳተላይት ነው። ታናሽ ወንድሜ የሚወዳቸው የዓረብ የፊልምና የዜና ጣቢያዎች ደግሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ባለው በናይልሳት ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የቆሙ ቢሆኑም፣ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አንዱ በፀሐይ መውጫ፣ ሌላው በፀሐይ መግቢያ በኩል ነው። ኢትዮሳት በኮምፓስ 115 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ናይልሳት በ261 ዲግሪ፣ በምዕራብ በኩል፣ 37 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነው። በአንድ ቋሚ ዲሽ ሁለቱን መያዝ አይቻልም። ሳተላይቶቹ ጎረቤታሞች ሲሆኑ ግን ይቻላል፤ ለምሳሌ በ52 ነጥብ 5 ዲግሪ ላይ ያለው ያህሳት ለኢትዮሳት ቅርብ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አስሮ ሁለቱንም ያያል።

ይህንን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ከመርካቶ በፊት በረንዳዬ ላይ እቆም ነበር። በረንዳችን ወደ ምዕራብ ያያል፤ ከላዩ ደግሞ የጎረቤት በረንዳ ወለል አለ። ዲሹን ጫፉ ላይ ብሰቅለው ናይልሳት በዚያ ወለል ሥር አልፎ ይታያል፤ ኢትዮሳት ግን ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ቢያይ እንኳ ይህን ያህል ከፍ ብሎ ለሚገኝ ሳተላይት ያ ወለል ይጋርድ ነበር። ለእናቴ ጣቢያዎች የግድ ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ለጣሪያው ደግሞ የሕንፃውን ኮሚቴ ማስፈቀድ አስፈለገ፤ ፈቃዱ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በስልክ ላይ ባለ ኮምፓስ አቅጣጫውን አይቶ፣ ዛፍና ፎቅ አለመኖሩን ማረጋገጥ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር።

ጣሪያ ላይ በወጣሁበት ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም አልያዘልኝም። ወንድሜ ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ስትሬንግዝ 80 ነው፣ ኳሊቲ ዜሮ!» እያለ ይጮሃል፤ እኔም 80 የሚለውን እየሰማሁ እጄ ከግቡ የደረሰ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ኤልኤንቢው መሥራቱንና ኬብሉ መገናኘቱን ከማሳየት ብዙም እንደማያልፍ፣ ዲሹ ባዶ ሰማይ ላይ ቢነጣጠር እንኳ ከፍ ሊል እንደሚችል ማን ይንገረኝ? መታየት ያለበት የምልክቱን ጥራት የሚያሳየው ኳሊቲ የሚለው ነው። በመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ዲሽ በመግጠም የሚተዳደሩ አንድ አባት ጉድጉዱን ሰምተው ብቅ አሉ። «ጋሼ፣ አቅጣጫው እኮ ልክ ነው» አልኳቸው። ዲሹን ሳይነኩ ኤልኤንቢውን ብቻ ይዘው እንደ ጠርሙስ ክዳን ቀስ አድርገው አዞሩት። «ልጄ፣ ይሄ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ እኛ አገር ይዞራል» አሉኝ። ይዘውት በመጡት መለኪያ ላይ ኳሊቲው ከዜሮ ወደ 40፣ ከዚያ ወደ 65 ወጣ።

በኋላ ምክንያቱን ሳጣራ ነገሩ ጂኦሜትሪ ሆኖ አገኘሁት። ሥርጭቱ አግድምና ቁም ተብሎ የሚከፈለው በሳተላይቱ እይታ ነው፤ እንደ እኛ ለምድር ወገብ ቀርቦ ሳተላይቱን በጎን ለሚያይ ሰው ያ አግድም በጣም ያጋደለ ነው። ለአዲስ አበባና ለኢትዮሳት ማጋደሉ በስሌት ከ60 ዲግሪ ይበልጣል። ከዲሹ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል ግን ኤልኤንቢውን ቀጥ አድርጎ ያሳያል፤ እኔም ሥዕሉን አምኜ ነበር።

ኢትዮሳት ምልክቱን ቢሰጥም ሪሲቨሬ አንድም ጣቢያ አላገኘም። ሻጩ «አዲስ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ዕቃ ካርቶኑ አዲስ ሆኖ ሥሪቱ የድሮ ነበር፤ ዲቪቢ ኤስ 2 የተባለውን የአሁኑን ሥርጭት አይቀበልም፣ ኤችዲም አያሳይም። እኔ በገጠምኩበት ጊዜ የሠራልኝ የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲ 11105 ሆሪዞንታል (አግድም)፣ ሲምቦል ሬቱ፣ ማለትም መረጃው የሚላክበት ፍጥነት፣ 45000 ነበር፤ ይህን የሚያህል ሲምቦል ሬት የማይችሉ ርካሽ ሪሲቨሮችም አሉ። ፍሪኩዌንሲ ስለሚቀያየር ቁጥሩን መሸምደድ አያስፈልግም፤ ሻጩን «ይህን ይቀበላል? እዚሁ ከፍተህ አሳየኝ» ማለት ግን ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ሱቆች በር ላይ የተገጠመ ዲሽ ስላላቸው ሊያሳዩ ይችላሉ። «ሁሉንም ቁልፍ ይከፍታል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ ይሻላል፤ የተቆለፈውን በሌላ መንገድ ማየት ነፃ ቴሌቪዥን ሳይሆን የሰው ንብረት መውሰድ ነው፣ እሱም ቢሆን ኮዱ በተቀየረ ቁጥር ይጠፋል።

ለወንድሜ ብዬ በረንዳው ላይ የገጠምኩት ሁለተኛው፣ የናይልሳት ዲሽ ያመጣው ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። ግማሹ ጣቢያ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ግማሹ ጭራሽ የለም። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው የቁሙን ሥርጭት ሲፈልግ 13 ቮልት፣ የአግድሙን ሲፈልግ 18 ቮልት በኬብሉ ይልክለታል፤ ኬብሉ ደካማ ከሆነ 18ቱ ሲደርስ ወርዶ ኤልኤንቢው ቁም ላይ እንደቆመ ይቀራል። የጠፉት በሙሉ አግድሞቹ ነበሩ። በረንዳው ቅርብ ቢሆንም ኬብሉን በሕንፃው ዙሪያ ስላዞርኩት ሁለቱን ጥቅል በእጄ ጠምዝዤ ቀጥዬው ነበር። ጫፉን ቆርጬ መሐሉ ላይ ያለውን ሽቦ በምላጭ ፋቅሁት፤ ከላይ የመዳብ ቀለም፣ ከሥሩ ግራጫ ብረት፣ ማግኔት ሲጠጋው የሚጣበቅ። ዙሪያውን የሚሸፍኑት ክሮችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በቀጥታ መንገድ፣ ያለ ቅጥያ፣ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ባለው ኬብል ስቀይረው የጠፉት ሁሉ በአንድ ሰርች ገቡ።

60 ሳንቲ ሜትሩ ዲሽ ትንሽ፣ ቆርቆሮውም ስስ ስለነበር የሐምሌን ዝናብ አልቻለም፤ ዶፍ በመጣ ቁጥር ምስሉ ድብልቅልቁ ይወጣል፣ ነፋሱም ይነቀንቀዋል። ጣሪያ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ተክቼ እግሩን በአራት ብሎን አሰርኩት። ከባድ ዝናብ አሁንም ለጥቂት ደቂቃ ያጠፋዋል፤ እናቴ ግን ሻይዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ይመለሳል። የዲሹ ክንድ ከምሰሶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሥምሬበታለሁ፤ ነፋስ ቢያዞረው ሁለቱን መስመሮች ገጥሜ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። የጥፍር ቀለሙ የእህቴ መሆኑን እስካሁን አላወቀችም።

የድሮው ሪሲቨር አልተጣለም። ደብረ ብርሃን ለምትኖር አክስቴ ላክሁላት፤ እሷ ናይልሳት ላይ ካሉት ተራ ጥራት ካላቸው ጣቢያዎች ሁለቱን ብቻ ነው የምታየው፣ ለእነሱ ደግሞ ይበቃል። ከመላኬ በፊት ግን ደውዬ አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ «እትዬ፣ ከቤትሽ በስተምዕራብ ዛፍ አለ?»