ዓሣ ልንበላ ሄደን ስለ ፍሬን ስናወራ ዋልን

ቅዳሜ ሐይቅ ሄደን ዓሣ እንብላ ተባባልን። ነገሩ ዓሣው አይደለም። እኛ ኮምቦልቻ ያለን መኪና ወዳዶች አንድ ላይ መንዳት ሲያምረን ሰበብ አናጣም፤ አንዴ ዓሣ፣ አንዴ ለቅሶ፣ አንዴ ደግሞ "እስቲ ይቺን ድምፅ ስሙልኝ" የሚል ሰው ይገኛል። ሚስቴ ይህን ካወቀች ቆይታለች። "ዓሣ ኮምቦልቻ ጠፋ?" ብላ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሦስት መኪና ነበርን። አንዷ የእኔ ዲኤክስ ናት፣ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ። ካጎቴ ነው ያገኘኋት፤ ፎር ኬ ሞተር፣ 1290 ሲሲ፣ ካርቡራተር፣ ከኋላ የምትገፋ። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር፣ አሁን የምን ቀለም እንደሆነ ከቦሎ መርማሪው ጋር በየዓመቱ እንከራከራለን። ሁለተኛዋ የጓደኛዬ ሃይሉክስ ነች፣ ቱርቦ ናፍጣ። ሦስተኛዋ የ"አዲሳባው" የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና። ልጁ ደሴ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ግን አሁን አዲስ አበባ ስለሚኖር እንዲህ እያልን እናበሽቀዋለን። ነዳጅ የሚያቃጥል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ከ2016 ወዲህ አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ምርጫው ጠቧል። እሱም እያቅማማ ነበር የገባበት፣ አሁን ግን ሃይማኖት አድርጎታል፤ ቡና እየጠጣን እንኳ ስለ ኪሎዋት ነው የሚያወራው።

አራተኛው ሰው ሐጂ ናቸው። መኪና የላቸውም፣ ያለሳቸው ግን የትም አንሄድም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አሰብ መስመር ላይ ኤንትሬ እየነዱ ነው። ኤንትሬን ለማያውቅ ልጅ፦ ፊያት 682 ኤን 3 የሚባለው የድሮ የጭነት መኪና ነው፣ መሪው በቀኝ በኩል የሆነው። የጣሊያን ከባድ መኪኖች ያኔ እንዲያ ነበሩ፤ ተራራ ላይ ሾፌሩ የመንገዱን ጠርዝ በዓይኑ እያየ እንዲነዳ ነው። ሐጂ ግን ሌላ አገላለጽ አላቸው። "ገደሉ አጠገብህ ነው የሚቀመጠው፣ እንደ ረዳት" ይላሉ። ከአሰብ ሚሌ፣ ከሚሌ ባቲ፣ ከባቲ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ መሐል አገር። እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ ያ ወደብ ዋናው በራችን ነበር፣ ኮምቦልቻም እንቅልፍ አልነበራትም።

እንግዲህ ወደ ሐይቅ ለመሄድ መጀመሪያ የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። መንገዱን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ 2500 ገደማ። መሐላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ እሱም ኩርባ በኩርባ። ከታች ቲሸርት ለብሰህ ትነሳለህ፣ ላይ ስትደርስ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ይጠብቅሃል፣ አንተም ጃኬት ትፈልጋለህ። መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ መልሴ አንድ ነው፤ ሐረጎን አውጣት፣ ከዚያ አውርዳት፣ ከዚያ ዋጋ ተነጋገር። አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ሁሉም መኪና ጥሩ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ዳገቱ ነው። "ትወጣለች?" ይላል። ትወጣለች፣ ምን ትሆናለች። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ፣ የሙቀት መለኪያዋን እያየህ፣ አንድ ሁለት ቦታ ቆመህ ኮፋኖ ከፍተህ ትወጣለች። እርግጥ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ካለው ጉልበት አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ዲኤክሴ ደሴ ስትደርስ ጃፓኖች የሰጧትን ጉልበት ሩቡን አየሩ ቀምቷታል ማለት ነው። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ያፈሳል፣ ስለዚህ ጥቁር ጭስ። ደሴ ያለ መካኒክ ቤንዚኗን ቀነስ አድርጎ ያስተካክልልህና ደስ ብሎህ ባቲ ስትወርድ፣ አየሩ ወፈር ይላል፣ ቤንዚኑ ያንሳታል፣ ሞተሯ መጋል ትጀምራለች። ሁለት አገር የምትኖር መኪና ሁለት ባሕርይ አላት። ሃይሉክሷ ይህ ሁሉ አይመለከታትም፣ ቱርቦው አየሩን አፍኖ ያስገባላታል፤ ባለቤቷም ይህን በየኩርባው ክላክስ እየነፋ ያስታውሰናል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ምክንያት አለኝ።

የዛሬ 14 ዓመት ገደማ፣ መኪናዋ ገና ያጎቴ እያለች፣ ደሴ ሰርግ አድርሼ ብቻዬን ስመለስ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጌ ለቀቅኳት። ያኔ ሁላችንም እናደርገው ነበር፣ እንደ ብልጠት ነው የሚታየው። ዝም ብላ ትንሸራተታለች፣ ሬዲዮው ይሰማል፣ ንፋሱ ደስ ይላል፣ ኩርባ ሲመጣ ፍሬን፣ ደግሞ ፍሬን፣ ደግሞ ፍሬን። ከአጋማሹ በታች አንድ ሽታ መጣ። የሆነ ሰው ጎማ ያቃጠለ መስሎኝ መስኮት ዘጋሁ። አስቡት፣ የራሴን ፍሬን ሽታ ከውጭ ነው ብዬ መስኮት ዘጋሁ! ቀጣዩ ኩርባ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ጭቃ ውስጥ እንደገባ እግር ወለሉ ድረስ ሰመጠ።

ቀጥሎ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ፔዳሉን ደጋግሜ ረግጫለሁ፣ ትንሽ ትንሽ መልሶልኛል። የእጅ ፍሬን ስቤአለሁ። ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት ስታገል ካምቢዮው ጮኸብኝ፣ ሦስተኛ ገባልኝ። ከፊቴ አንዲት አህያ ጭድ ተሸክማ መንገዱን ይዛለች፣ ባለቤቷ ደግሞ ወዲያ ማዶ ቆሞ ከሰው ጋር ያወራል። ወደ ተራራው ወገን፣ ወደ ቦዩ አስጠጋኋት። ፓራፋንጎዋ ድንጋዩን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆመች። አህያዋ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

አንድ ከባድ መኪና ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። የወረዱት ሰውዬ እሳቸው ናቸው፣ ሐጂ። የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ጎማዬን በእጃቸው ጀርባ ቀረብ አድርገው ሙቀቱን አዩና "ልጄ፣ አብሽር። ማንም አልሞተም" አሉኝ። ከዚያ "በምን ማርሽ ነበር የምትወርደው?" አሉ። ዋሸሁ። "በሦስተኛ" አልኳቸው። ሳቁ። "ሦስተኛ እንዲህ አይሸትም" አሉ። ያን ዕለት ነው "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚለውን የሾፌር ሕግ ከአንድ ሰዓት ማብራሪያ ጋር የሰማሁት፣ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ሌላ ሥራም አልነበረንም። ውሃ ልደፋበት ስል እጄን ያዙኝ፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ፔዳሉ ለምን እንደሰመጠ በኋላ ነው የገባኝ። የፍሬን ሸራው ብቻ ቢግል ኖሮ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ነበር እምቢ የምትለው። የእኔ ግን ዘይቱ ነው የፈላው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፣ ውሃ ሲገባበት እስከ 140 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አንተ የምትረግጠው አረፋውን ነው። ያጎቴ ዘይት መቼ እንደተቀየረ ማንም አያውቅም ነበር። ጥፋቱ የጋራዥም የመንገድም አልነበረም፣ የእኔና የዜሮ ማርሽ ነው። ደግሞ የሚያናድደው፣ አሁን ባሉት ኢንጀክተር ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል። ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ሲል ትንሽ ትንሽ ማቃጠሉ አይቀርም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ቤንዚን ቆጠብኩ እያለ በዜሮ የሚወርደው ጎበዝ ጭራሽ እያባከነ ነው። ይህን ለስንቱ ተናገርኩ፣ የሚሰማኝ የለም።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። አዲሳባው ያደረው ደሴ እናቱ ቤት ነው። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን ስለሆነ እዚያው ሆኖ ሊጠብቀን ይችል ነበር፣ እሱ ግን ሊኩራራብን ጠዋት ኮምቦልቻ ድረስ ወረደ። መጣ፣ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም። ምን ሆንክ ስንለው ዝም። በኋላ ከጎማው ያንን ሽታ ሳሸት ሳቄ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይዞርና መኪናዋን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። እሱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ መቶ በመቶ ይዞ ነው ሐረጎ አፋፍ ላይ የቆመው። የሞላ ጀሪካን ላይ ውሃ አይጨመርም! ባትሪው አልቀበልም አለ፣ መኪናዋ አልያዝም አለች፣ እሱም እንደ እኔ እንደ ድሮው ፍሬን በፍሬን ወረደ። "መኪናው ላይ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፣ አላነበብኩትም" አለ። ባለፈው ወር ስለ ዲኤክሴ ያለኝን ሁሉ ባንድ ዓረፍተ ነገር መለስኩለት፣ እዚህ አይጻፍም።

ሲወጣ ግን እውነት ለመናገር ጥሎን ሄደ። አየር ሳሳ አልሳሳ ለሱ ምኑም አይደል። እኔ ሁለተኛ ላይ ሆኜ እያቃሰትኩ፣ አንድ የጭነት መኪና ጎማ ቀይሮ መንገዱ መሐል ጥሏቸው የሄደውን ድንጋዮች እየዞርኩ (ቅጠል ስታደርጉ ደግ ነው፣ ድንጋዩን ግን ስትሄዱ አንሱት እንጂ ወገኖቼ!) ደሴ ስደርስ እሱ ሻይ ጨርሶ ነበር። ዳገቱ ከባትሪው የበላበት 10 ፐርሰንት ነው።

ቦሩ ሜዳን በንፋሷ አልፈን ሐይቅ ገባን። ውሃው ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ ጥብስ በዳጣ። እስጢፋኖስ ገዳም ካጠገባችን ነው፣ ግን የሄድንበት ጉዳይ መንፈሳዊ አልነበረም። ክርክሩ ወሎ ውስጥ ለመንዳት ምርጡ መንገድ የትኛው ነው የሚል ሆነ። የሃይሉክሱ ባለቤት ከወልድያ በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚወጣውን፣ የቻይና መንገድ የሚባለውን መረጠ፤ ዳገት ካልሆነ አይጥመውም። አዲሳባው ከኮምቦልቻ ባቲ አለ፣ ምክንያቱ ግመል ሲያይ ልጅ ስለሚሆን ነው። እኔ ከሐይቅ ውጫሌ ያለውን፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ አምባሰል በግራ ሆኖ። እዚህ ላይ ሳስበው፣ ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የኛው መንገድ ላይ ያሉ ስሞች ናቸው። ጠዋት ከባቲ ተነስቶ ምሳውን ውጫሌ የሚበላ ሾፌር ሳያውቀው ከቅኝት ቅኝት ተሻግሯል። ሐጂን ስንጠይቃቸው አጥንቱን ከዓሣው እየለቀሙ "ጥሩ መንገድ ጭነት ሳትይዝ የነዳኸው ነው" አሉና ወደ ዳጣው ተመለሱ።

ስንመለስ ሐጂ ከኤሌክትሪኳ ልግባ አሉ። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። 14 ዓመት ከእኔ ጋር ነው የሚሄዱት። ደሴን አልፈን ሐረጎ ስንጀምር እኔ ሁለተኛ አስገብቼ ከኋላቸው ሆንኩ፣ የፍሬን መብራቷ መቼ እንደሚበራ እየጠበቅኩ። አንዳንዴ ይበራል፣ ብዙውን ግን መኪናዋ ራሷን ይዛ ነው የምትወርደው፣ ኤንትሬ በሁለተኛ ማርሽ እንደሚወርደው፣ ያለ ጩኸት።

ኮምቦልቻ መናኸሪያው አካባቢ ቆመን ወረድን። አዲሳባው ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን ፐርሰንት እያሳየ "ደሴ ላይ 75 ነበር፣ እዩ፣ 76!" አለ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አዩት።

"ማርሹ የታለ ብዬ ስፈልግ ነው የወረድኩት" አሉ፣ "ግን ልጁ በወጣበት ማርሽ ወርዷል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው "ጭራሽ መልስ ትሰጣለች እኮ፣ አንድ ፐርሰንት!" አሉኝና ወደ ዲኤክሴ መጥተው የፊት ጎማዋን በእጃቸው ጀርባ ቀረብ አድርገው አዩ፣ እንደዚያን ዕለቱ። አልጋለችም። ምንም ሳይሉ በሩን ከፍተው ገቡ፣ ቤታቸው ላደርሳቸው።

የሚቀጥለው ባቲ ነው፣ የሰኞ ገበያ፣ ሁላችንም ፈቃድ ካገኘን። እስከዚያ የፍሬን ዘይት ልቀይር ነው፣ ሁለት ዓመት ሞልቶታል።