«ስሙን ታውቀዋለህ» እንዴት መዝሙር ሆነ

ጌታ ይባረክ! ቤት ውስጥ የቀዳነውን አልበም የሰማችሁ ወገኖች «እነዚህ መዝሙሮች ከየት መጡ?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። የሁሉንም ታሪክ ለመጻፍ ጊዜም ቦታም አይበቃም። የሦስቱን ልመስክር። ሦስቱም መጀመሪያ ጸሎት ነበሩ። ዜማ የሆኑት በኋላ ነው።

በሹክሹክታ የተዘመረውን ስትሰሙ ማይኩ የተበላሸ የመሰላችሁ አላችሁ። አልተበላሸም። ሆን ብለን ነው እንደዚያ የቀዳነው። እናቴ የኳየር ልጅ የነበረችው እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት እያሉ በሚጠሯት ጊዜ ነው። በጥር 1974 ደርግ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። መሪዎቿ ታሰሩ፣ ንብረቷ ተወረሰ። ምእመናኑ በየሰው ቤት በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ጀመሩ። ቡና የተጠራ መስሎ ሰው አንድ በአንድ ይገባል። አንዱ በር ላይ ይቆማል። ሲዘምሩ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው ትለኛለች እናቴ። ማጨብጨብ ሲያምራቸው ጣታቸውን በጣታቸው ላይ ይመታሉ። ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን ደርግ ወድቆ በሯ ሲከፈት ከ30,000 በላይ ሆና ወጣች። ያንን ዘመን በጩኸት ልዘምረው አልቻልኩም። እናቴን ፍራሽ ላይ አስቀምጬ፣ ማይኩን አፏ ሥር አድርጌ፣ «እማዬ፣ ያኔ እንደምትዘምሩት ዘምሪ» አልኳት። በቀረጻው ውስጥ የምትሰሙት የጣት ድምፅ የእሷ ነው።

«ባያድነንም» የአባቴ ነው። በዚህኛው ላይ ብዙ አልቆይም፤ አሁንም ይከብደኛል። ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄድ ነበር። እንዲፈወስ ጾምን፣ ጸለይን። አልተፈወሰም። ከማረፉ በፊት እሳቱ ፊት ቆመው «ባያድነንም» ያሉትን የሲድራቅን፣ የሚሳቅንና የአብደናጎን ታሪክ አንብቡልኝ ብሎ ነበር። ያን ምዕራፍ ባነበብኩለት ማታ ፊቱ ላይ ያየሁት ሰላም ከእግዚአብሔር መሆኑን አልጠራጠርም። ይህንንም እንደ ጸሎት መልስ ነው የምመሰክረው።

አሁን ወደ «ስሙን ታውቀዋለህ» ልምጣ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ለማንም ሳይናገር ከቤት ወጣ። ደላላ በመተማ አሻግሮ ካርቱም አስገባው። ከዚያ በረሃውን አቋርጦ ሊቢያ ሲደርስ ባኒ ዋሊድ ለሚገኙ አጋቾች ሸጡት። ልጁ በዚያ መንገድ የሄደበት ቤተሰብ ይህን ስም በደንብ ያውቀዋል። ከትሪፖሊ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ ከተማ ነው። አጋቾች ስደተኛውን መጋዘን ውስጥ ዘግተው እየደበደቡ ከቤተሰቡ ገንዘብ ያስልካሉ።

ስልኩ የሚደወለው ሌሊት ነበር። መጀመሪያ አንድ የማናውቀው ሰው ያወራል። ከዚያ ወንድሜን ያቀርቡታል። እየመቱት «እማዬ፣ ላኪላቸው» ይላል። እናቴ ወርቋን ሸጠች። እኔ እቁቤን ለምኜ አስቀድሜ ወሰድኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አዋጡ፣ የእድሩ ሰዎች አዋጡ። ገንዘቡ ከደረሳቸው በኋላ ሌላ ጨምሩ አሉን። የምንጨምረው አልነበረንም። ስልኩም ጠፋ።

እናቴ ስትጸልይ ቃል የሚያጥራት ሴት አይደለችም። በዚያ ሰሞን ግን ቃል አለቀባት። የወንድሜን ሰማያዊ ሹራብ አቅፋ ትንበረከክና አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦ «ስሙን ታውቀዋለህ። ያለበትን ታውቀዋለህ።» ደግሞ ትመልሰዋለች። ሹራቡን እንዳጥበው አትፈቅድልኝም ነበር፤ አንገትጌው ላይ የልጇ ጠረን አለ። እኔ ማድ ቤት ሆኜ ስሰማት ቃሉ ምት እንዳለው አስተዋልኩ። ትንፋሿ በሚያርፍበት ቦታ ያርፋል። ሽንኩርት እየከተፍኩ አብሬያት ማለት ጀመርኩ። ሳላውቀው ትዝታ ቅኝት ውስጥ ገብቼ ነበር። ስለዚህ ይህን መዝሙር ደረስኩት ለማለት አፌ አይደፍርም።

በዚያ ጊዜ ማታ ማታ የምናነበው መዝሙር 40ን ነበር። «ከጥፋት ጉድጓድ ከረግረግ ጭቃም አወጣኝ» የሚለው ጋ ስንደርስ እናቴ «ልጄንም» ብላ ትጨምርበታለች።

ጌታም አወጣው! አንድ ቀን ከትሪፖሊ ተደወለ። ራሱ ነበር። የታገቱበት ሠፈር ውስጥ ተኩስ ተነሥቶ ጠባቂዎቹ ሲሸሹ እነሱ በሩን ገንጥለው ወጡ። ተይዞ ወደ ማቆያ ተወሰደ። እዚያ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፣ የአይ ኦ ኤም ሠራተኞች ወደ አገሩ መመለስ የሚፈልገውን ይመዘግቡ ነበር። ወንድሜ እንዲህ አለን፦ «መዝጋቢዋ ስሜን ስትጠይቀኝ ቶሎ አልመጣልኝም። እዚያ ቤት በቁጥር ነበር የሚጠሩን።» እናቴ ይህን ስትሰማ ወለሉ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያን ሁሉ ሌሊት ምን ስትል እንደነበር እሱ አያውቅም ነበር። ማንም አልነገረውም። ስሙ ሊጠፋው በደረሰበት ቦታ እናቱ ስሙን በእግዚአብሔር ፊት እያነሣች ነበር። ይህን አጋጣሚ ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልከራከረውም፤ እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

በተመላሾች በረራ ቦሌ ገባ። ቀሪውን ገንዘብ ማንም አልከፈለም።

መዝሙሩን የቀዳነው መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቀን ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ ድምፅ መቅዳት አይታሰብም። መስከረም ከጠባ በኋላ ባጃጁ ጭር ሲል፣ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ጀመርን። መስኮቱን በፍራሽ ደፈንን። ብርድ ልብስ በየግድግዳው ሰቀልን። የአዳማን ሙቀት የምታውቁ አስቡት፤ ቬንትሌተሩ ድምፅ ስላለው እሱም ይጠፋል። ባለቤቴ ኪቦርዱን በሄድፎን እያዳመጠ ይጫወታል። ላብ ከግንባሩ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪው እስኪያልቅ እንሠራለን፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እንጸልያለን። የመጨረሻውን አዝማች ወንድሜ ይዘምረው አልኩ። ጀመረ፣ ግን «ያለበትን ታውቀዋለህ» ሲል ድምፁ ተቆረጠ። ባለቤቴ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት። እንዳለ ይቅር አልኩ። አልበሙ ላይ የምትሰሙት ያ ነው።

በነጋታው ጠዋት ጎረቤታችን እማማ በራችንን አንኳኩ። ግድግዳችን አንድ ነው። ጫጫታችን እንቅልፍ ነስቷቸው ሊቆጡን የመጡ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስል «የለም ልጄ፣ ሌሊት የምትሉትን ስሰማ ነበር» አሉኝ። ልጃቸው ቤይሩት ናት። ከአሠሪዎቿ ቤት ከወጣች ወዲህ ደውላ አታውቅም። ነጠላቸውን እያጣፉ «የእሷንም ስም ጨምሩልኝ» አሉ።

ጨመርን። ሐሙስ ሐሙስ ከቡና በኋላ እናቴና እማማ አብረው ይጸልያሉ፤ እማማ ቆመው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ እናቴ ተንበርክካ። ልጅቷ እስካሁን አልደወለችም። በጸሎታችሁ አስቡልን። ቤይሩት ያላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ ከአሠሪዎቿ ወጥታ ቤተሰቧን መደወል ያፈረች የአዳማ ልጅ ካገኛችሁ፣ «እናትሽ ምንም አልያዙብሽም፣ ድምፅሽን ብቻ ነው የሚፈልጉት» በሏትና በእናንተው ስልክ አስደውሏት።