ውሃን፣ የሁለት ወንዞች ከተማ

ዛሬ ውሃንን በእግሬ ስዞር ዋልኩ። በቻይና ሁቤይ ግዛት፣ የሃን ወንዝ ከያንግትዜ በሚቀላቀልበት ስፍራ የምትገኘው ይህች ከተማ ውቻንግ፣ ሃንኮውና ሃንያንግ የተባሉ ሦስት የቀድሞ ከተሞች ተዋህደው የፈጠሯት ናት። ስሟ ሲነሳ ብዙ ሰው የ2020ውን ወረርሽኝ ብቻ ማስታወሱ ያሳዝነኛል። ቁርሴ ሬጋንሚየን ነበር፤ ሻጩ የተቀቀለውን ኑድል ዳግም በፈላ ውሃ ነክሮ ያወጣና ወፍራም የሰሊጥ ልውስ ያፈስበታል፣ መዓዛው መንገዱን ያውደዋል።

ልቤን የወሰደው ግን በያንግትዜ ላይ የተዘረጋው ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እስኪከፈት ድረስ ከቤጂንግ የመጣ ባቡር ወደ ደቡብ እንዲቀጥል ከተፈለገ ፉርጎዎቹ በጀልባ ተጭነው ወንዙን መሻገር ነበረባቸው። አሁን ከላይ መኪና፣ ከታች ባቡር ያልፍበታል፤ ባቡሩ ሲመጣ የእግረኛው መንገድ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ በቡናማው ውሃ ላይ ደግሞ የጭነት መርከቦች ተከታትለው ይጓዛሉ። በውቻንግ በኩል ሁዋንግሄሎው የተባለው ዝነኛ ማማ ጎልቶ ይታያል፤ የዛሬው ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1985 እንደ አዲስ የተሠራ መሆኑ በእኔ ዘንድ ክብሩን አልቀነሰበትም። ቻይናን ይገዛ የነበረውን የቺንግ ሥርወ መንግሥት ለውድቀት የዳረገው አብዮት የተቀጣጠለውም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1911 እዚሁ ውቻንግ ውስጥ ነው።