ዲፓርትመንት እስኪመረጥ፦ የካምፓስ ፍቅር ኮሜዲ ፊልም እንዴት እንደሠራሁ

የመጀመሪያው ረቂቅ ከዩኒቨርሲቲ ምደባ እስከ ምረቃ አራት ዓመት ይሸፍን ነበር። 118 ገጽ ነበር፣ ግን ልብ የሚያንጠለጥል ነገር አልነበረበትም። ዋና ገጸ ባሕርያቱ ፍፁምና ሀና ዛሬ ባይነጋገሩ ነገ ይነጋገራሉ፤ ነገ ባይሆን በሚቀጥለው ሴሚስተር። ተመልካች የሚጨነቀው ጊዜ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ታሪኩን በፍሬሽማን ዓመት ብቻ ወሰንኩት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ በቅድሚያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ዲፓርትመንት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲማሩ የከረሙ ሁለት ልጆች ያን ቀን መንገዳቸው ይለያያል። ይህን ቀን መጨረሻው ላይ ተከልኩት፤ ስክሪፕቱም 94 ገጽ ላይ ቆመ።

ቀኑ ከተተከለ በኋላ ባላንጣ መፈለግ አላስፈለገኝም። ሀብታም ተቀናቃኝና ጨካኝ አባት የነበሩባቸውን ገጾች በሙሉ አወጣሁ። የግቢው ደንብ ራሱ በቂ ነው፦ የወንድና የሴት ዶርም ለየብቻ ነው፤ በሩ ላይ ፕሮክተር፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪ አለ፤ ማታ ሰዓት ካለፈ በሩ ይዘጋል። ሀናን የካፌ (በግቢው ምግብ ቤት የምትበላ) ተማሪ፣ ፍፁምን ነን ካፌ (ውጭ የሚበላ) አደረግኳቸው። እሷ ትሪ ይዛ ስትሰለፍ እሱ ውጭ ሽሮ ቤት ነው፤ በምሳ ሰዓት በፍጹም አይገናኙም። ላይብረሪ ውስጥ ለሰው ቦታ መያዝ እንኳ፣ በደብተርና በሻርፕ የተያዘች አንዲት ወንበር፣ ሦስት ትዕይንት አስገኘ።

በአነጋገር ዘዬ የሚቀለድባቸውን መስመሮችም ሰረዝኩ። ምደባ የጎጃሙን፣ የወሎውንና የአዲስ አበባውን ልጅ አንድ ዶርም ስለሚያስገባ ቀልዱ በቀላሉ ይመጣል፣ ግን ሰውየውን ያሳንሰዋል። አማርኛ ከዚያ የተሻለ ሀብት አለው። ፍፁም ፊልሙን ሙሉ ሀናን «መጣሽ? በላሽ?» ነው የሚላት። 71ኛው ገጽ ላይ፣ ዝናብ አስጠልሏቸው ቆመው ሳለ፣ «በረደህ እንዴ?» ይላታል። ሴትን ልጅ በወንድ አንቀጽ መጥራት በእኛ ዘንድ ምን ያህል መቅረብ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከዚያ ወዲያ «እወድሻለሁ» የሚል መስመር ትርፍ ሆነ፤ አወጣሁት። ችግሩ የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ይህን ለውጥ የሚያሳይበት መንገድ የለውም። ዋሽንግተን ላይ ተወልዶ ጽሑፉን እያነበበ የሚያይ ልጅም ትዕይንቱን ማግኘት ስላለበት፣ ከመስመሩ በኋላ ካሜራው ሀና ፊት ላይ ለአራት ሰከንድ እንዲቆይ አደረግኩ።

በግቢው ለመቅረጽ ፈቃድ የተጠየቀው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የሚያፋጥነው አባሪው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በአባሪው ላይ የቀረጻ ቀናት፣ ሰዓትና ቦታ፣ የባለሙያዎች ሁሉ (እኛ 14 ነበርን) ስም ከመታወቂያ ቁጥር ጋር፣ እንዲሁም የእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ይስፈር። ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለአስተዳደር፣ አንዱ ለበር ጥበቃ፣ አንዱ ለእናንተ። ጥበቃው ማታ ስትወጡ ዕቃውን በመለያ ቁጥሩ ነው የሚያመሳክረው። አንዲት ሌንስ ካልተመዘገበች ጉዳዩ እስኪጣራ መኪናው ከበሩ አይወጣም።

የቀረጻው ካላንደርም የተማሪው ካላንደር ነው። በሴሚስተር እረፍት ግቢው ጸጥ ይላል፣ ግን አጃቢ የሚሆን ተማሪ የለም። ትምህርት ሲጀመር ሰው ይሞላል፣ ድምፅ ግን አይገኝም። 19ኙን ቀን ለሁለት ከፈልኩት፤ የዶርምና የላይብረሪ የውስጥ ትዕይንቶች በእረፍቱ 11 ቀን፣ የደጁ ሁለተኛው ሴሚስተር በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ 8 ቀናት። ከዚያ ካለፈ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ይመጣል፤ በሚድ ሳምንት ተማሪ ለአጃቢነት መጠየቅም ተገቢ አይደለም። ያልጠበቅኩት ሣሩን ነው። ታሪኩ በጥቅምት ይጀምራል፣ የቀረጽነው ግን በየካቲት ስለሆነ ሜዳው ደርቆ ነበር። የጥቅምትን ትዕይንቶች ውሃ ወደሚጠጣ አትክልት ቦታ አዛወርናቸው፤ ካሜራውንም ወገብ ከፍታ ላይ አድርገን ሰፊውን ሜዳ ሸፈንነው።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ወደ አናት ትወጣለች፤ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ፊት የሚታይባቸውን የደጅ ትዕይንቶች ከ1 እስከ 3፡30፣ ከዚያም ከ9፡30 እስከ 12 ሰዓት ቀረጽን። መሃሉን ለኮሪደርና ለደረጃ ተውነው። ሀገራችን መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ የድሮ ፍሎረሰንት ባለበት ላይብረሪ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ። ሙከራችንን በ1/60 ቀርጸነው ግድግዳው ላይ የሚንከባለል ጥቁር መስመር ወጥቶበታል።

ከሁሉ የከበደው የጉርሻው ትዕይንት ነበር። በስክሪፕቱ ላይ ሩብ ገጽ ነው፤ ለመቅረጽ አምስት ሰዓት ወሰደ። እንጀራ መብራት ስር አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጫፉ ይደርቅና ይነሳል፤ ሽሮው ቀዝቅዞ ቆዳ ያወጣል። ለዘጠኝ ቀረጻ 16 እንጀራ አዘጋጅተን እርጥብ ጨርቅ አለበስነው፤ ሽሮውን ከሰል ላይ አቆይተን በየቀረጻው አንድ ጭልፋ እንጨምር ነበር። ትሪው ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ፦ እንጀራው ከየት በኩል እንደተቆረሰ ካልተመዘገበ ኤዲቲንግ ላይ የተበላው ተመልሶ ይሞላል። ጉርሻውም ትንሽ ይሁን። ትልቅ ጉርሻ ያስቃል፣ ግን ተዋናይዋ አፏ ሞልቶ የሚቀጥለውን መስመር መናገር አልቻለችም። ሦስተኛው ቀረጻ ላይ መስመሩን ለእሱ ሰጠነው፣ እሷ እያኘከች ዝም አለች፤ ፊልሙ ውስጥ የገባው ይኸው ነው።

በድምፅ በኩል ቆርቆሮ ጣሪያ ያለበትን ክፍል አትምረጡ፤ በፀሐይ ሲግል ራሱ ይንቋቋል። ደረት ላይ የሚለጠፍ ማይክ በነጠላ ስር ይንኮሻኮሻል፤ ነጠላ የለበሰችውን በቡም (ከላይ በዘንግ በሚያዝ ማይክ) ብቻ ቅረጹ። ድምፁ እንዳይገባ የላውንጁን ፍሪጅ ስትነቅሉ የመኪናውን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጡ፤ ሳትሰኩት አትሄዱም። በእያንዳንዱ ክፍል ሁሉም ዝም ብሎ ቆሞ የ40 ሰከንድ ባዶ ድምፅ ይቀረጽ፤ ኤዲቲንግ ላይ ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው። ሁለት ክፍል ላይ ይህን ዘልለን በኤዲቲንግ ጊዜ ሦስት ቀን ከፍለንበታል።

ኤዲቲንግ ላይ ቀልዱን የሚሸከመው ተናጋሪው ሳይሆን ሰሚው ነው። መስመሩ ሳያልቅ ወደ ሰሚው ስንቆርጥ ሳቅ መጣ፤ ተናጋሪው ላይ ስንቆይ ሞተ። 35 ሰው ጋብዘን በሙከራ ስናሳይ ስልክ ከፊት አስቀምጠን የአዳራሹን ድምፅ ቀረጽን፤ ከፊልሙ ጋር ስናስተያየው ስድስት ቦታ ላይ ሳቁ የሚቀጥለውን መስመር ውጦታል። እዚያ እዚያ ላይ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰከንድ፣ ምንም ቁም ነገር የማይባልበት ምስል አስገባን።

የመጨረሻው ትዕይንት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ስም ዝርዝር ነው። 120 ስም ከነአባቱ ፈጥረን ጻፍን፤ የእውነተኛ ተማሪ ዝርዝር ለፊልም አይነካም። በ10 ነጥብ የፊደል መጠን የታተመው ካሜራ ላይ ስላልተነበበ በ16 አሳተምነው። ቅደም ተከተሉን መጀመሪያ እንደ ብዙ ሬጅስትራር ዝርዝር በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ አድርገነው ነበር፤ የፍፁምና የሀና ስሞች ተጠጋግተው ወደቁና ትዕይንቱ ጠፋ። በሀሁ ተራ ስናደርገው ሀና ከላይ ሁለተኛ፣ ፍፁም ከታች አራተኛ ሆኑ። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በአንድ ቀረጻ፣ 22 ሰከንድ፦ የሀና ጣት የራሷን ስም ሳታይ አልፎ፣ ከለ ወደ መ፣ ከመ ወደ ሰ እያለ እስከ ፈ ይወርዳል።