የጓሳ ሣር

ከመንዝ ከተመለስሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ጋቢዬ ግን አሁንም የአጎቴን ማድ ቤት ጭስ ይሸታል። ያየሁት ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ ከአጎቴ ጋር ወደ ጓሳ፣ ወደ መንዝ የደጋ ሣር ምድር፣ ወጣን። ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሼ ቶሎ ቶሎ ይቆራረጥ ነበር። ከጉብታው ሥር ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ በመካከላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ቀጫጭን እግሮቹን በቀስታ እያነሣ ያልፋል። አንድም ጭላዳ አልደነገጠም። ቀበሮው ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ ቆየ፣ ድንገት ዘለለ፣ አይጥ በአፉ ይዞ ቀና አለ። እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት ቀበሮው ብቻውን ሲያድን 25 በመቶ፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ግን 67 በመቶ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ በጠቅላላው 500 ገደማ ብቻ መቅረቱን ሳስብ፣ ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሣት አልቻልሁም።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ እንዴት ተረፈ?» አልሁት።

«ስለዘጋነው ነዋ፣ ልጄ» አለኝ።

አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚዎች ፈረስ ጋልበው ወሰን ለዩ ይባላል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ልጆቻቸው ጓሳን በአጽመ ርስትነት በጋራ ይዘው፣ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። የቄሮው አለቃ፣ አባ ቄራው፣ ሣሩ አልደረሰም ካለ ስፍራው ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሰውም ከየአቅጣጫው ያለ ጊዜው ይገባ ጀመር። ቆይቶ ነዋሪው ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ መዝጋቱን መለሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል ስፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በደንብ አጸናው።

ተማሪ ሳለሁ ዱር የሚጠበቀው ሰውን በማራቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጓሳን ያቆየው ግን ሣሩን የሚፈልገው ገበሬ ነው፤ አይጡም ቀበሮውም የሚኖሩት በዚያው ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ የቆርቆሮው መብዛት ያሳስበኛል። የቤቱን ክዳን ከሱቅ የሚገዛ ልጅ፣ ሣሩን እንደ አባቱ ይሳሳለታልን? ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ይረዳል፤ ብቻውን ይበቃል ብዬ ግን አላምንም።

የአጎቴም ትልቁ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ማድ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ሣር ክዳን ነው። በአንድ ጥጉ ክዳኑ በስብሶ፣ ቀዳዳውን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖታል። በሩ ላይ ቆመን ማዶ ያለው ጓሳ፣ ጉልበት አልፎ የረዘመው ሣሩ፣ በነፋስ ሲተኛ ይታየናል። «አጭደህ ለምን አትከድነውም?» ስለው፣ ግራ የተጋባ መስሎ አየኝና፣ «ገና አልተከፈተም እኮ» አለኝ።