ዙምን ከኪቦርድ ወደ ቮልዩም ማዛወር፦ የእይታ ማዕዘን በጦር አውሮፕላን ጌም

ዲሲኤስ በሚባለው የጦር አውሮፕላን ጌም ላይ ዙም ከኪቦርድ ሲሆን በነምፓድ (በስተቀኝ ባሉት የቁጥር ቁልፎች) ነው የሚሠራው፤ ኮከቡ (*) ያቀርባል፣ ስላሹ (/) ያርቃል፣ ኢንተር ወደ መደበኛው ይመልሳል። ችግሩ ቁልፉን ይዞ መጠበቁ ነው። ጠላት ሲታጠፍ እጅ ከስሮትል (ከሞተር ኃይል መቆጣጠሪያው) ወጥቶ ነምፓድ ይፈልጋል። ስለዚህ ዙሙን በሚሽከረከር መቆጣጠሪያ ላይ አደረግሁት።

ዙም ማጭበርበር ነው የሚል ክርክር ጎንደርም አለ። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። ከጎሃ ኮረብታ አናት ሆኖ የፋሲልን ግንብ ማማዎች የሚለይ ጤናማ ዓይን፣ በፒክስል ቢለካ በአንድ ዲግሪ 60 ያህሉን ይለያል። 1920 ፒክስል ስፋት ያለው ስክሪን ግን አግድም እይታው 90 ዲግሪ ሲሆን መሃሉ ላይ የሚሰጠው 17 ገደማ ነው። ክንፉ 10 ሜትር የሆነ ተዋጊ አውሮፕላን 2 ኪሎ ሜትር ላይ 5 ፒክስል እንኳ አይሞላም። እይታውን ወደ 30 ዲግሪ ስናጠብበው 18 ፒክስል ይሆናል፤ በዲግሪም 62 እናገኛለን። ዙም ስክሪኑ የቀነሰብንን የዓይን ጥራት ይመልሳል እንጂ አቅራቢ መነጽር አይጨምርም።

ነገሮች በተፈጥሮ መጠናቸው የሚታዩበትን ማዕዘን ለማግኘት የስክሪኑን ስፋትና ከዓይን ያለውን ርቀት ለካሁ። 24 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 53 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት 48 ዲግሪ ይሰጣል። 15.6 ኢንች ላፕቶፕ በ55 ሴንቲ ሜትር 35 ገደማ ነው። አንዳንድ ጌም የሚጽፈው የቁመቱን ማዕዘን ስለሆነ ይጣራ፤ በ16 ለ 9 ስክሪን አግድሙ 90 ሲሆን ቁመቱ 59 ያህል ነው።

መሣሪያው አርዱይኖ ፕሮ ማይክሮ የሚባል ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰርኪውትና ባለ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (ሲሽከረከር ሬዚስታንሱ የሚለወጥ) ነው፤ ፒያሳ ያሉ ሬዲዮ ጠጋኞች ቮልዩም የሚሉት። ኡኖ የሚባለው የአርዱይኖ ዓይነት አይሁን፤ እንዳለ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ጆይስቲክ ብሎ አያውቀውም። ከሦስቱ እግሮች የጎንዮሾቹን በቪሲሲ (በኃይል መስጫው) እና በግራውንድ፣ የመሃሉን በኤ ዜሮ (በንባብ መቀበያው) ላይ በየድሁ። መጀመሪያ ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ቮልዩም ተጠቅሜ ዙሙ ግማሽ ዙር ድረስ ሳይነቃነቅ ቆይቶ በድንገት ዘለለ። የድምፅ ቮልዩም ብዙ ጊዜ ሎጋሪዝማዊ ነው፣ ማለትም ቀስ ብሎ ጀምሮ ወደ መጨረሻው ይፈጥናል፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ግን እኩል የሚጨምረው ነው። መለያው ቀላል ነው፦ መሃል ላይ አቁሞ በመሃሉና በአንዱ የጎን እግር መካከል በመልቲሜትር ሲለካ 5 ኪሎ ኦም ገደማ ካሳየ ይሆናል፤ ከ5 በጣም ከራቀ፣ ለምሳሌ 1 ወይም 2 ካሳየ፣ ይመለስ።

እይታው ሲንቀጠቀጥ በመሃሉ እግርና በግራውንድ መካከል 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አስገባሁ፣ በኮዱም የ8 ንባብ አማካይ ወሰድሁ። ያኔ ረጋ።

ጌሙ ውስጥ በየአውሮፕላኑ የአክሲስ (የሚሽከረከሩና የሚንሸራተቱ መቆጣጠሪያዎች) ገጽ ላይ የዙሙን መስመር መርጦ፣ የማውሱን ጎማ ከዚያው መስመር ማጥፋት ግድ ነው፤ አለዚያ ሁለቱ ይሻማሉ። ስላይደር የሚለው ሳጥንም ምልክት ይደረግበት። ዲሲኤስ አዲስ መሣሪያ ሲሰካ በራሱ ፈቃድ ለመሪው ወይም ለስሮትሉ ይመድበዋል፤ አውሮፕላኑ ያለምክንያት ወደ ጎን ከተንከባለለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። 48 ዲግሪ የሚመጣበት ቦታ ላይ ቁራጭ የክብሪት እንጨት ለጥፌአለሁ፤ ጣት ሳያይ ያገኘዋል።

ሰማዩን ስቃኝ ወደ 80፣ የማን አውሮፕላን እንደሆነ ለመለየት 30፣ ስተኩስ 48። በ30 መተኮስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ከ90 ወደ 30 ሲጠብ የእጅና የጭንቅላት ትንሹ እንቅስቃሴ ስክሪን ላይ 3.7 እጥፍ ይጎላል፤ አነጣጣሪው ዒላማው ላይ አይቆምም። ዳርና ዳሩም ስለሚቆረጥ ሌላው ጠላት ከጎን ሲመጣ አይታይም። በ90 ደግሞ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለው ነገር ወደ ጎን ሁለት እጥፍ ይለጠጣል። ሲታረፍም 48 ይሁን፤ በሰፊው መሬቱ ርቆ ስለሚታይ አፍንጫው ዘግይቶ ይነሳና ጎማው ይፈርጣል።

ከጥቅምት በኋላ አቧራው ሲበዛ መንቀጥቀጡ ሊመለስ ይችላል። ቮልዩሙ ውስጥ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ነፍቶ ከዳር እስከ ዳር ሃያ ጊዜ ማሽከርከር ነው።