ላፕቶፕ ይዞ አገር ቤት

አራት ኪሎና ፒያሳ መሃል ላፕቶፕ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ካፌ መምረጥ አለበት። አንዳንዱ ቤት «ላፕቶፕ አይፈቀድም» ብሎ ለጥፏል። አይፈረድበትም፤ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን እንውልበታለን። ኪሴ ሲሳሳ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ። ሥራዬ ለአንድ የአውሮፓ ድርጅት ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። አለቃዬን በአካል አይቼው አላውቅም። ይህን የሰማ ሁሉ ታዲያ ያው አንድ ጥያቄ አለው፦ «ለምን አገርህ ገብተህ አትሠራም? ኪራይ የለ፣ የታክሲ ሰልፍ የለ!»

አገሬ ጉራጌ ውስጥ፣ እምድብር አካባቢ ነው። በመስቀል ሰሞን ያየ ሰው ሰፈሩ ሰው አጣ ቢሉት ይስቃል። መኪናው፣ ክትፎው፣ ከመርካቶ የጎረፈው ሕዝብ፤ ጀፎረው ላይ መቆሚያ የለም። (ለማያውቅ፦ ጀፎረ በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ከብቱም፣ ለቅሶውም፣ ጭፈራውም እዚያው ነው።) ጥቅምት ሲገባደድ ሂዱና እዩት። የከተማ ልጆች ያሠሯቸው ቆርቆሮ ቤቶች ተቆልፈዋል። ቁልፎቹ አክስቴ ቤት ምሰሶው ላይ ተንጠልጥለዋል። እንዳይምታታባት እያንዳንዱን በተለያየ ቀለም ክር አስራዋለች። ቀዩ የመርካቶው ነጋዴ ነው፤ አረንጓዴው ሐዋሳ ያለው ልጅ።

የኢትዮጵያ ገጠር ባዶ ሆነ እያልኩ አይደለም። አሁንም ከአራት ኢትዮጵያውያን ሦስቱ የገጠር ሰው ናቸው፤ የገጠሩ ሕዝብ ቁጥርም ይጨምራል። ብዙ ቦታ ወጣቱን የሚያስወጣው እንዲያውም መሬቱ ለሁሉም አለመድረሱ ነው። የኛ ሰፈር ግን መሄድን ቀድሞ ለመደ። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገር ቤት የሚወስድ መንገድ ማሠራት ጀመሩ። መንገዱ ለመመለሻ ታስቦ ነበር። ለመውጫም ተመቸ።

የሚጎድለው ምን እንደሆነ እንሰት ጓሮ ውስጥ ይታያል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በየጊዜው ይነቀላል፣ ይተከላል፣ ፍግ ይፈልጋል። ሲደርስ ሴቶች ተሰብስበው ግንዱን ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ ከዚያ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል። ወገብ ይቆርጣል። አክስቴ ድሮ ደቦ ትጠራ ነበር። አሁን የምትጠራቸው እኩዮቿን ነው፤ ጉልበታቸው ደክሟል። ስለዚህ ከጓሮው ጀርባ ባሕር ዛፍ ተከለች። ባሕር ዛፍ ሰው አይፈልግም። ተቆርጦ አዲስ አበባ ይገባና የሕንፃ መወጣጫ ይሆናል። «የአገሬ ዛፉም ሰዉም አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት» ብዬ እቀልዳለሁ፤ አክስቴ አትስቅም።

አንድ ዓመት ከመስቀል በኋላ ሁሉም ሲመለስ እኔ ቀረሁ። ላፕቶፕ፣ ፓወር ባንክ፣ ሁለት ሲም ካርድ። ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ኔትወርኩ ከቤት ይልቅ ዳገቱ ላይ ይሻላል። ይህ የጠበቅኩት ነው። ያልጠበቅኩት የሰዉን ፍላጎት ነው። «ልጁ አለ» ተባለ። ከብት ሲጠፋ እኔ፣ ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ እኔ። አክስቴ ስክሪኑን እያየች «ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠህ ነው የዋልከው፤ ሥራህን መቼ ነው የምትጀምረው?» አለችኝ።

ከዚያ ጎረቤታችን አረፉ። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ፣ ስብሰባዬም ያኔ። አስከሬን የሚሸከም ጎረምሳ በጣት የሚቆጠር በሆነበት ሰፈር «ሚቲንግ አለኝ» ማለት አይታሰብም። ተሸከምኩ። ለአለቃዬ ኔትወርክ ጠፋ አልኩት። ወዲያው አመነኝ፤ ይህ ራሱ ስለ አገራችን ኔትወርክ ብዙ ይናገራል።

እዚያ ቀርቼ ብሠራ ሰፈሩ አንድ ደመወዝተኛ ያገኛል። ትከሻ ግን አያገኝም፤ የቀኔን ሰዓት አውሮፓ ገዝቶታል። «ርቀት ሥራ ገጠርን ያድናል» የሚል ነገር ሳነብ የምጠራጠረው ለዚህ ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 በገጠር ከ400 በላይ የጋራ መሥሪያ ማዕከላትን ለማስተሳሰር አቅዳለች። ጃፓን ከቶኪዮ ወደ ክፍለ አገር ለሚገባ ቤተሰብ በልጅ እስከ 1 ሚሊዮን የን ትሰጣለች። እዚያው ጃፓን፣ ቶኩሺማ በሚባል ክፍለ አገር ውስጥ፣ ካሚያማ በምትባል ተራራማ ከተማ ሳንሳን የተባለው የቶኪዮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 አሮጌ ቤት ውስጥ ቢሮ ከፍቷል። መልካም ነው። ግን እነሱ ጋ የፋይበር ኢንተርኔቱ ከሰዉ ቀድሞ ገብቷል፤ ሰዉም በደቦ ላይ የቆመ ጓሮ የለውም።

ካሚያማን የማነሳው ግን ለተንኮል አይደለም። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ እኔው ራሴ ነኝ ያነሳሁት። ከተቆለፉት ቤቶች አንዱን እንክፈት፣ ሶላር እናስገባ፣ ኢንተርኔት እናስገባ፤ ተመራቂዎቹ ልጆች ከጠዋት እስከ ምሳ እዚያ ይሥሩ፣ ከሰዓት የቤታቸው ይሁኑ አልኩ። ሽማግሌዎቹ አዳመጡኝ። አንዱ የመርካቶ ነጋዴ፣ ባለ ቀይ ክሩ፣ ቤቱን በነፃ እሰጣለሁ አለ። ሌላው ግን ለመስቀል ስመጣ የት ልደር ነው ብሎ ተነሳና ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ። ባትሪውን ማን ይጠብቃል የሚለው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።